ሰፊ ግቢ ከመግዛታችን በፊት የየቲሙን ሐቅ እንጠይቅ

ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በሰሃባዎቻቸውና ፈለጋቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።



ዛሬ በአዲስ አበባ ሁለት ሙስሊሞች ተገናኝተው ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ ወሬያቸው ብዙም ሳይቆይ ወደ ቤት ጉዳይ ያመራል። አንዱ ኪራይ ተጨመረብኝ ይላል፤ ሌላው አከራዬ ልጆቼ እንዳይሮጡ ከለከለችኝ ይላል። በረመዷን ዘመድ ጠርቶ ለማስፈጠር ቦታ የለም። በዒደል አድሃ በጉን የት እናርደዋለን ተብሎ ጭንቅ ነው። ስለዚህ ጥቂት ገንዘብ የያዘ ሁሉ ፊቱን ወደ ከተማው ዳር አዙሯል። በዚያ በኩል አራት ክፍል ቤት፣ አምስትና ስድስት መቶ ካሬ ግቢ፣ ለልጅ መጫወቻ፣ ለጎመንና ለጌሾ የሚሆን ጓሮ ይገኛል ይባላል።

ይህ ምኞት በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። አንዳንድ ወንድሞች ዱንያን መናቅ ማለት በጠባብ ቤት መጨናነቅ ይመስላቸዋል። ሆኖም ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰፊ መኖሪያን፣ መልካም ጎረቤትንና ምቹ መጓጓዣን ከሰው ልጅ የደስታ ምክንያቶች መካከል ቆጥረዋቸዋል። አላህ ቤታቸውን እንዲያሰፋላቸውም ዱዓ ያደርጉ እንደነበር ተዘግቧል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ነሕል አንቀጽ 80 ላይ ቤቶቻችንን የመርጊያና የማረፊያ ስፍራ ማድረጉን ከጸጋዎቹ አንዱ አድርጎ ያስታውሰናል። ስለዚህ ለቤተሰቡ ሰፊ ቤት የሚፈልግ አባት ኸይር ነገር ፈልጓል።

ነገር ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ያ ሰፊ ግቢ ወደ እጃችን የሚገባው ከማን እጅ ወጥቶ ነው? ስለዚህ ጉዳይ ስጽፍ ከሌላ ሰው ታሪክ አልጀምርም። በራሴ ላይ የደረሰውን ላጫውታችሁ።

እኔና ባለቤቴ ከአራት ልጆቻችን ጋር በሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ነው የምንኖረው። ለዓመታት በዕቁብም በቁጠባም ያጠራቀምነው ገንዘብ ነበረን። አንድ ቀን የማውቀው ደላላ ደውሎ ከከተማው ዳር ሰፊ ግቢ ያለው ቤት መገኘቱን፣ ዋጋውም ከአካባቢው ዋጋ በጣም የቀነሰ መሆኑን ነገረኝ። ሄድን፤ አየን። ቤቱ የጭቃ ቢሆንም ጠንካራ ነው። ግቢው ግን ልብ ይሰርቃል። ባለቤቴ ጓሮውን እየዞረች የት ጋ ዶሮ እንደምታረባ፣ የት ጋ የልብስ ማስጫ እንደምትዘረጋ ትነግረኛለች። እኔም በልቤ መኪና የማቆምበትን ቦታ ለክቼ ጨርሻለሁ። መኪና ግን የለኝም! የዚያኑ ቀን ቀብድ ሰጠሁ።

በሳምንቱ ግቢውን ለማስለካት ብቻዬን ስመለስ አሥር ዓመት ያህል የሚሆነው ልጅ በጓሮው ጥጃ ሲጠብቅ አገኘሁት። ልጁ ለካ የማደርገውን ሁሉ ይከታተል ኖሯል፤ ጠጋ አለኝና፣

"ጋሼ፣ ኮኩን ትቆርጡታላችሁ እንዴ?" አለኝ።

"ለምን ጠየቅኸኝ?" አልኩት።

"አባቴ ነው የተከለው" አለ።

ሻጩ አባቱ መስሎኝ ነበር። አጎቱ ኖሯል። ነገሩን ሳጣራ ቤቱና ግቢው የአያታቸው ነበር። አያትየው ሲሞቱ ካርታው በታላቁ ልጅ ስም እንዲወጣ፣ ሐቁ ግን የሁሉም እንዲሆን ቤተሰቡ ተስማማ። በቤቱ የኖረው፣ ግቢውን ያለማው፣ ኮኩንም የተከለው ታናሹ ነው። ታናሹ ሚስቱን፣ ይህን ልጅና አንዲት ትንሽ ሴት ልጅ ትቶ ወደ አኼራ ሄደ። ታላቁ ደግሞ በስሙ ያለውን ካርታ ይዞ ገዢ ፈለገ። ዋጋው የቀነሰበት ምክንያት አሁን ገባኝ። የችኮላ ዋጋ ነበር።

ለደላላው ብነግረው ሳቀብኝ። "ወንድሜ፣ አንተ የምትፈልገው ግቢ ነው ወይስ የዘር ሐረግ? ካርታው የሱ፣ ፊርማው የሱ። የቀረው የእነሱ የቤተሰብ ጉዳይ ነው" አለኝ። እውነቱን ልናገርና አባባሉ ደስ አለኝ። ሦስት ሌሊት ሙሉ ለራሴ የሚመች ፈትዋ ስፈልግ አደርኩ። እኔ የቲም አልበደልኩም፤ የበደለ ካለ አጎትየው ነው፤ እኔ ገንዘቤን ከፍዬ የገዛሁ ሰው ነኝ፤ እኔ ብተወው ሌላው ይገዛዋል፤ እያልኩ ነፍሴን አባበልኳት።

በአራተኛው ቀን ወደ ሰፈራችን መስጊድ ሸኽ ዘንድ ሄድኩ። ጥያቄዬንም ለኔ በሚመች መንገድ አቀረብኩት። "ሸኽ፣ ካርታው በሻጩ ስም ነው፤ የሀገሩም ሕግ ይፈቅድልኛል፤ ይህ አይበቃም ወይ?" አልኳቸው። ሸኹ ዝም ብለው ቆዩና፣ "ልጄ፣ የጠየቅኸኝ ስለ ወረቀቱ ነው። ወረቀቱን አይተኸዋል። ልጁንም አይተኸዋል። ታዲያ ከኔ ምን ፈለግህ?" አሉኝ።

ከዚያም ሁላችንም የምናውቀውን፣ ግን ገንዘብ በእጃችን ሲገባ የምንረሳውን አንድ ሐዲስ አስታወሱኝ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች ተጣልተው ወደሳቸው ሲመጡ አንዱ ከሌላው ይልቅ አንደበተ ርቱዕ ሊሆን እንደሚችል፣ እሳቸውም በሰሙት መሠረት እንደሚፈርዱ፣ በዚህ ምክንያት የወንድሙን ሐቅ የተፈረደለት ሰው ግን የወሰደው የእሳት ቁራጭ መሆኑን ተናግረዋል። የአላህ መልእክተኛ ፍርድ እንኳ ሐራሙን ለበዳዩ ሐላል ካላደረገለት፣ የማዘጋጃ ቤት ካርታ እንዴት ያደርግለታል?

ቀጥለውም ሸኹ ስለ ነብዩ መስጊድ ቦታ አወሩኝ። ውድ አንባብያን፣ ይህ ታሪክ ቤት ለሚገዛ ሰው ሁሉ ትልቅ ትምህርት ስላለው ጥቂት ልቆይበት።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሂጅራ መዲና ሲገቡ ግመላቸው የተንበረከከችው ተምር በሚደርቅበት አንድ ሜዳ ላይ ነበር። ሜዳው ሰህልና ሱሀይል የሚባሉ የሁለት የቲም ልጆች ነው። ልጆቹም የሚያድጉት በአስዓድ ኢብን ዙራራ እጅ ነበር። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቦታውን ለመስጊድ በፈለጉ ጊዜ ልጆቹን አስጠርተው ዋጋውን ጠየቁ። ልጆቹም እንዲያው በስጦታ እንስጥዎት አሉ። ነብዩ ግን በስጦታ አንቀበልም ብለው ከልጆቹ ገዙት። ቡኻሪ የዘገቡት ይህንን ነው።

እስቲ እናስተውል። ገዢው የአላህ መልእክተኛ ናቸው። የሚሠራው መስጊድ ነው። ባለቤቶቹ በፈቃዳቸው እንስጥ ብለዋል። ከተማው በሙሉ በደስታ ሊቀበላቸው ወጥቷል። በዚያ ሰዓት ነገሩን በዝምታ ቢያልፉት ማን ይጠይቃቸው ነበር? ሆኖም የየቲም መሬት ያለ ዋጋ አልተወሰደም። ለአላህ ቤት ያልተፈቀደው ለኔ ሳሎን እንዴት ይፈቀድልኛል?

የአላህ ቃልም በዚህ ላይ የጠነከረ ነው። በሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 10 ላይ የየቲሞችን ገንዘብ በግፍ የሚበሉ ሰዎች በሆዳቸው ውስጥ የሚያስገቡት እሳት መሆኑ ተነግሯል። በሱረቱ አል-አንዓም አንቀጽ 152 እና በሱረቱ አል-ኢስራእ አንቀጽ 34 ላይ ደግሞ ለየቲሙ በሚበጅ መንገድ ካልሆነ በቀር ወደ ገንዘቡ እንዳንጠጋ ታዘናል። ትእዛዙ እንዳትበሉ ብቻ አይደለም። መጠጋቱም በልክ ነው። ኡለማዎችም የየቲም መሬትና ቤት ከሌላው ንብረቱ በበለጠ ጥንቃቄ እንዲያዝ፣ ለግልጽ ፍላጎት ወይም ለሚታይ ጥቅም ካልሆነ በቀር እንዳይሸጥ ያዘዙት በዚሁ ምክንያት ነው። ገንዘብ በእጅ ይቀልጣል፤ መሬት ግን ልጁ እስኪያድግ ይጠብቀዋል።

ሸኹ ዘንድ ደርሼ ወደ ቤት ስመለስ ነገሩን ለባለቤቴ ነገርኳት። ዶሮዋንም ልብስ ማስጫዋንም ያቀደችው እሷ ናት፤ ታዝናለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን፣ "የኔን ልጆች የማሳድገው የሰው የቲም ተነቅሎ በሄደበት ግቢ ከሆነ ይቅርብኝ" አለች። ግዢውን ተውነው። ከቀብዱ ግማሹ በሽማግሌ ተመለሰልን፤ ግማሹ ቀረ።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማር?

አንደኛ፣ ቤት ስንገዛ ግድግዳውን ብቻ አንመርምር። ሻጩን፣ "ይህ ቤት ከማን መጣልህ? ከሞቱት መካከል ማን አለ? ከቀሩትስ ማን አለ?" ብለን እንጠይቅ። በሀገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፤ የሚሸጠው በላዩ ያለው ቤትና ንብረት ነው። ይሁንና ያ ቤት ውርስ ሲሆን በሸሪዓ ብዙ ባለ ሐቅ አለው። ባሏ የሞተባት ሴት ልጆች ካሉት አንድ ስምንተኛ ይደርሳታል። ወንድ ልጅም ሴት ልጅም ድርሻቸው ተለይቶ ታውቋል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት እህቶች ናቸው። "አግብታ ሄዳለች" ይባላል። "ለወንድሟ ትታለች" ይባላል። እሷን ማን ጠየቃት? ሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 7 ንብረቱ ቢያንስም ቢበዛም ሴቶች ድርሻ እንዳላቸው በግልጽ ደንግጓል። አግብታ መሄዷ ሐቋን አያስቀርባትም።

ሁለተኛ፣ ባለ ሐቁ ሕፃን ከሆነ የአጎት ቃል አይበቃም። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ተከራካሪዎች ከፈቀዱ የውርስንና የሕፃናትን ሞግዚትነት ጉዳይ ያያሉ፤ በክልሎችም የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አሉ። መጀመሪያ ወራሾቹ በፍርድ ቤት ይረጋገጡ። ሞግዚቱ ይታወቅ። ሽያጩ ለልጆቹ የሚበጅ መሆኑ ይታይ። ድርሻቸውም በስማቸው ይቀመጥ። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። ችኮላው ግን ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው ሊደበቅ የተፈለገ ነገር ላለው ሰው ነው።

ሦስተኛ፣ እንጻፍ፤ እናስመስክር። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ ሱረቱል በቀራህ 282፣ ስለ ብድርና ንግድ መጻፍና ማስመስከር መሆኑ በከንቱ አይደለም። ከአርሶ አደር ላይ በጓሮ ስምምነት፣ በሁለት ምስክርና በአንድ ወረቀት መሬት ወስዶ ቤት መሥራት በከተማችን ዙሪያ ብዙ ቤተሰብ አስለቅሷል። የሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ በኋላ በአካባቢው ቤቶች፣ መስጊዶችም ጭምር፣ ሲፈርሱ ያየነው ነው። የማፍረሱን ፍትሐዊነት ለጊዜው እንተወውና፣ የልጆቻችንን ጣሪያ ሕጋዊ ማስረጃ በሌለው ወረቀት ላይ መስቀል ተወኩል አይደለም። ሰበቡን አሟልቶ በአላህ መመካት ነው ተወኩል።

አራተኛ፣ ድንበሩን እንወቅ። ሰፊ ግቢ ሲገዛ አጥር ሲታጠር ሁልጊዜ ወደ ውጭ እንጂ ወደ ውስጥ ሲገባ አይታይም። አንድ ክንድ ከመንገዱ፣ ግማሽ ክንድ ከጎረቤት። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አንዲት ስንዝር መሬት በግፍ የወሰደ ሰው በቂያማ ቀን ከሰባት ምድር ጋር በአንገቱ ላይ እንደምትጠመጠምበት ተናግረዋል። ስንዝር ነው ያሉት። ካሬ እንኳ አይደለም።

አምስተኛ፣ ገንዘቡ። በዚህ ላይ ብዙ ስለተጻፈ አላስረዝምም። ድሮ ሙስሊሙ በወለድ ካልተበደረ ቤት የሚገዛበት መንገድ የለውም ይባል ነበር። ዛሬ በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክና ከሱ በኋላ የመጣው ሂጅራ ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆነው ይሠራሉ፤ ሌሎች ባንኮችም በመስኮት ይሠራሉ። በሙራበሓ ውል ባንኩ ቤቱን ገዝቶ የራሱ ካደረገ በኋላ ትርፉን ገልጾ በክፍያ ይሸጥልሃል። ስለዚህ "ተገድጄ ነው" ከማለታችን በፊት በሩን አንኳኩተን እንጠይቅ። ስንጠይቅም የውሉን ስም ብቻ ሳይሆን አሠራሩን እንጠይቅ።

ለሻጮችም አንድ ቃል አለኝ። ሁሌ ገዢው ብቻ ሲመከር ሻጩ የተረሳ ይመስላል። አቡ ራፊዕ የተባሉት ሰሃባ በሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ ግቢ ውስጥ የነበሩዋቸውን ሁለት ክፍሎች ሊሸጡ ሰዕድን ጠየቁ። ሰዕድ ከአራት ሺህ አልጨምርም፣ እሱንም በየጊዜው ነው የምከፍለው አሉ። አቡ ራፊዕ ደግሞ ከሌላ ሰው አምስት መቶ ዲናር ቀርቦላቸው ነበር፤ ይህም ይበልጣል። ሆኖም ጎረቤት በቅርበቱ የበለጠ ሐቅ እንዳለው ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰምቻለሁ ብለው በዝቅተኛው ዋጋ ለጎረቤታቸው ሰጡ። ዛሬ እኛ ጎረቤት እንዳይሰማ በሌሊት የምንዋዋለው ምን ሆነን ነው? ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሻጭና ገዢ እውነት ተናግረው ያለውን ጉድለት ከገለጹ ንግዳቸው እንደሚባረክ፣ ከደበቁና ከዋሹ ግን በረካው እንደሚጠፋ አስተምረዋል። በረካ የሌለው ስድስት መቶ ካሬ በረካ ካለው ሁለት ክፍል ይጠባል።

ደላሎች ወንድሞቻችንም በአላህ ይሁንባችሁ። ኮሚሽናችሁ ሐላል የሚሆነው የምታውቁትን ስትናገሩ ነው። የቲም መኖሩን እያወቀ ዝም ያለ ደላላ የበላው የድካሙን ዋጋ አይደለም።

አሁን ወደ ታሪኬ ልመለስ። ያ ግቢ ከጥቂት ወራት በኋላ ለሌላ ሰው ተሸጠ። የገዛው ማን እንደሆነ አላውቅም። ልጆቹ ድርሻቸውን ያግኙ አያግኙ አላውቅም። ለረጅም ጊዜ እኔ ከሐራም ራሴን አድኛለሁ እያልኩ ስጽናና ቆየሁ። አንድ ቀን ሶላት ላይ ቆሜ ያ ልጅ ትዝ አለኝ። ለመሆኑ ምን አደረግኩለት? እናቱን ፈልጌ "የልጆችሽ ሐቅ እየተሸጠ ነው" አላልኳትም። ለአካባቢው መስጊድ ኮሚቴ አልነገርኩም። የሸሪዓ ፍርድ ቤት መኖሩን አውቃለሁ፤ መንገዱን አላሳየኋትም። ለቀብዴ ሽማግሌ ላክሁ፤ ለየቲሙ ግን አልላክሁም። ግማሽ ቀብዴን አስመለስኩ፤ የልጁ ኮክ ግን ከነሥሩ ሄደ።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ይኸው ነው። "እኔ ብተወው ሌላው ይገዛዋል" የሚለው የሸይጧን ወስዋስ እውነት የሚሆነው እያንዳንዳችን በዝምታ ስንተወው ነው። የየቲምን ግቢ የሚሸጥ አጎት ገዢ ካላገኘ መሸጥ አይችልም። አሥር ሙስሊም ገዢዎች በተከታታይ "ልጆቹስ?" ብለው ቢጠይቁት አሥራ አንደኛው ከመምጣቱ በፊት ወደ ሽማግሌ ይሄድ ነበር። ዝምታችን ነው ገበያውን ያደራለት።

ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ፣ ነገ ከባለቤትሽና ከልጆችሽ ጋር ሰፊ ግቢ ልታዪ ስትሄጂ፣ ደላላው ሳሎኑን እያሳየሽ ሳለ፣ በጓሮው ያለውን ልጅ ማን መሆኑን ጠይቂው። ሐቁ ተጠብቆ ከተገዛ አላህ ያስፋላችሁ። በዒድ ጎረቤት የሚጠራበት፣ ከጓሮው ለአላፊ አግዳሚ የሚቀመስበት፣ ልጆች ቁርኣን የሚሐፍዙበት ግቢ ያድርግላችሁ። ሐቁ ካልተጠበቀ ግን ጥሎ መውጣት ብቻ አይበቃም። ከመውጣታችሁ በፊት ለባለ ሐቁ ተናገሩለት።

እኛ አሁንም በሁለት ክፍላችን ነን። ልጆቹ አሁንም በር ላይ ኳስ እየመቱ አከራያችንን ያስቆጣሉ። አላህ ለሁላችንም ሐላልና ሰፊ የሆነውን ይወፍቀን። የየቲሞችን ሐቅ ከበሉትም፣ እያዩ ዝም ካሉትም አያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ።